የሲስተር እታፈራሁ ዳልጮ ሕይወት እና የሕፃን ባሮክ ሰባት ቀን

ሲስተር እታፈራሁ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ አንጁሎና ከእናታቸው ከወ/ሮ አማረች ቶማ፣ በሁምቦ ወረዳ፣ ከተበላ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር ጥቅምት 14 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ስድስተኛ ልጅ ናቸው። ከእሳቸው በላይ የነበርነው አምስታችንም ወንዶች ስለ ነበርን፣ ሴት ልጅ መጣች ሲባል ቤቱ ሁሉ በእልልታ ተናወጠ፤ ስማቸውንም ያወጣው የሁላችን ታላቅ ወንድም ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛ ደረጃን በተበላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሶዶ ከተማ ተከታትለዋል። ያኔ ሴት ልጅን ወደ ሶዶ ልኮ ማስተማር ቀላል ነገር አልነበረም። አባታችን አቶ ዳልጮ ግን የሰው ወሬ የማይሰሙ ሰው ነበሩና፣ ስኳር ድንች ተሸክመው ራሳቸው እያደረሷቸው፣ አክስታችን ቤት እያስቀመጧቸው አስተማሯቸው። ሲስተር እታፈራሁም አላሳፈሯቸውም። የነርስነት ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1979 ዓ.ም. ተመረቁና፣ ወደ ተወለዱበት ወረዳ ተመልሰው በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ።

በ1982 ዓ.ም. ከመምህር ወንደሰን በኃይሉ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ ቤቴልን፣ እዮኤልንና ሳሚን ወለዱ። በጤና ጣቢያው በቆዩባቸው ዓመታት ስንቱን እናት እንዳዋለዱ እሳቸውም አያውቁትም። ከዚህ ድንኳን ሥር ከተቀመጣችሁት መካከል በእጃቸው ወደዚህ ዓለም የመጣችሁ አላችሁ። ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት ክረምት፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እጃቸው ቀና ነበር፤ ሰው ሲታመም ማየት አይችሉም ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሟች ታሪክ ሲነበብ መልካም መልካሙን አንብቦ መቀመጥ ልማዳችን ነው። እኅታችን ግን ይህ ጽሑፍ እንደዚያ እንዳይሆን አዘው ነው የሞቱት። አንድ ሰው ሳያጠፋ በሐሰት ስም ሃያ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ያ ስም ዛሬ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በአስከሬናቸው ፊት ከላዩ እንዲነሣለት ለምነዋል። እኚህ ሰው ወ/ሮ ቦሼ ጩማ ናቸው፤ ከበዴሳ መጥተው እዚሁ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ስለዚህ ጥቂት ታገሡን።

በ1994 ዓ.ም. ወ/ሮ ቦሼ ገና የሃያ ዓመት ሴት ነበሩ፤ ከበዴሳ ወደ ሁምቦ ተድረው መጥተው የመጀመሪያ ልጃቸውን ኅዳር 3 ቀን በጤና ጣቢያው ወለዱ። ያዋለዷቸው ሲስተር እታፈራሁ ናቸው። ምጡ ከባድ ነበር፤ ሰውነታቸው ተቀድዶ ተሰፋ። ለሕመሙ ኮዴይን የሚባል ብርቱ ማስታገሻ ለሦስት ቀን ታዘዘላቸው። በአራተኛው ቀን ሲስተር እታፈራሁ አራሷን ሊጠይቁ ቤታቸው ቢሄዱ፣ ወ/ሮ ቦሼ መቀመጥ አቅቷቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ሲያጠቡ አገኟቸው። አንጀታቸው አልቻለም። ከዚያው መድኃኒት ማንንም ሳያማክሩ ጨምረው ሰጧቸው። በክፋት የሆነ ነገር አይደለም፤ በርኅራኄ ነው።

ኅዳር 9 ቀን ተመልሰው ሲሄዱ ቤቱ ደስታ ብቻ ነበር። አማትየዋ በር ላይ ተቀብለዋቸው፣ «ሲስተር፣ ይሄ ልጅ እኮ ጨዋ ነው! አያለቅስ፣ አያስቸግር፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያድራል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ለእኔ አንድም አልተሰጠኝ» አሏቸው። ዝም የሚል አራስ ልጅ በእኛ አገር የተባረከ ነው ይባላል። ጎረቤቱም ይህንን ጨዋ ልጅ ሊያይ ይመላለስ ነበር። ወ/ሮ ቦሼ ብቻ ደስ አላላቸውም።

«ሲስተር፣ አልጠባልኝም» አሉ። «ጡቴ ሞልቶ ያመኛል። ስቀሰቅሰው ትንሽ ይስብና ይተወዋል።»

ሲስተር እታፈራሁ ሕፃኑን አንሥተው አዩት። ገላው ልፍስፍስ ብሏል፤ ትንፋሹ ረጋ ብሏል፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። ያዩትን ግን አላነበቡትም። «የጠገበ ልጅ ነው የሚተኛው፤ አትቀስቅሺው። አንቺም እንቅልፍ ካገኘሽ ተኚ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሕፃኑ ከእናቱ ጎን ሞቶ ተገኘ።

ሲስተር እታፈራሁ ተጠርተው ሲደርሱ ቤቱ በለቅሶ ተሞልቶ ነበር። ልጁን የገነዙት እሳቸው ናቸው። ሲገንዙትም አፍንጫው እንዳልተጣመመ፣ ደረቱ ላይም ሆነ ፊቱ ላይ የመጫን ምልክት እንደሌለ አይተዋል። በዚያው ሰዓት ግን ከሴቶቹ አንዷ፣ «ተኝታበት ነው» አለች። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። የባልየው ወገኖችም ወ/ሮ ቦሼን፣ «አልተኛሁበትም ብለሽ ማይ» አሏቸው። ወ/ሮ ቦሼ መማል አልቻሉም። መድኃኒቱ እሳቸውንም አደንዝዟቸው፣ እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ተጭኗቸው ነበርና ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አያውቁም። ሐሰት መማል ስለ ፈሩ ዝም አሉ። ዝምታቸው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረባቸው።

ሲስተር እታፈራሁም እዚያው ቆመው ነበር። እሳቸውም ዝም አሉ።

ሕፃኑ ከቤቱ ጓሮ በእንሰቱ መሀል ተቀበረ። የሰባት ቀን ልጅ ነውና ድንኳን አልተተከለለትም። በወሩ ወ/ሮ ቦሼ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደ በዴሳ፣ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ አላገቡም፤ ሌላ ልጅም አልወለዱም። በበዴሳ ገበያ እህል እየነገዱ ኖሩ። ወሬው ግን እዚያም ደረሰባቸው፤ አራስ ሲጠይቁ ልጅ የማያሳቅፏቸው ቤቶች ነበሩ።

ሲስተር እታፈራሁ በ1996 ዓ.ም. ወደ ሶዶ ከተማ ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ። የሆነው ነገር ለምን እንደ ሆነ ያኔ በእርግጥ አያውቁም ነበር፤ አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ግን ልባቸው ያውቅ ነበር። በ2004 ዓ.ም. መድኃኒት በእርግዝና፣ በማጥባትና በእርጅና ጊዜ እንዴት እንደሚሰጥ ለነርሶች ሥልጠና ተዘጋጀ። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ ስለ ኮዴይን አስረዱ። ይህ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን እንደሚለወጥ፣ በአንዳንድ ሰው ገላ ግን እጅግ ፈጥኖና በዝቶ እንደሚለወጥ፣ በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ እንደ ሆነ፣ ከእናት ወተት ጋር ወደ ሕፃኑ አልፎ ሊያፍነው እንደሚችል ተናገሩ። ምልክቱንም ቆጠሩ፤ እንቅልፍ ማብዛት፣ አለመጥባት፣ የገላ መላላት፣ የትንፋሽ መዘግየት፣ የብሌን መጥበብ። ሲስተር እታፈራሁ ደብተራቸውን ዘግተው ወጡ። የሥራ ባልደረባቸው ሲስተር ሰናይት ተከትለው ቢወጡ ከአዳራሹ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። አሟቸው ነው ተብሎ በባጃጅ ወደ ቤት ተላኩ።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሥራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ እሳቸው የመጣ ሰው ሁሉ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሽማግሌ፣ ቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ ያዙ ነበር። ስሙን አይጠይቁም፤ «ሁሉንም ዘርግፈው» ነው የሚሉት። በእኛ ዘንድ ያለ ነገር ይካፈላል፤ ቆጮም፣ ዳጣም፣ መድኃኒትም። ለእኔ በጀኝ ያለ ሰው ለጎረቤቱ ሁለት ፍሬ ቆጥሮ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ንፉግ ይባላል። ከአንዲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ፌስታል ውስጥ የአማቷ የደም ግፊት ክኒን ተገኘ። አማቲቱ ራሷን አሟታል ብለው በፍቅር የሰጧት ነው። ሲስተር እታፈራሁ ያ ዓይነቱ ክኒን የጽንሱን ኩላሊት እንደሚጎዳ ነግረው፣ በዚያው ቀን ለእርግዝና ወደሚስማማው እንዲለወጥላት ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ገቡ። ይህን የሰማች ሌላ ነፍሰ ጡር ፈርታ የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን በራሷ ብታቆም ደግሞ፣ ቤቷ ድረስ ሄደው ተቆጧት። «ልጅሽ ካንቺ ጋር ነው የሚወድቀው! ለማቆምም እኮ ይጠየቃል» አሏት።

አባታችን አቶ ዳልጮም አላመለጧቸውም። ለስኳር ሕመማቸው ከሶዶ የተሰጣቸውን ክኒን ይውጡ ነበር፤ አረካ የልጃቸው ቤት ሰንብተው ሳለ ደግሞ ከሌላ ሐኪም ሌላ ቀለም ያለው ተሰጣቸው። ሁለቱንም በአንድ ላይ እየዋጡ፣ በጾም ጸሎት ቀን እህል ሳይቀምሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደቁ። መንፈስ ነካቸው ተብሎ «ሃሌ ሉያ» ሲባል፣ ሲስተር እታፈራሁ ሰዉን ጥሰው ገብተው ስኳር በውኃ በጥብጠው ከከንፈራቸው አስገቡ። ነቁ። ቤት ገብተው ክኒኖቹን ቢያዩዋቸው በቀለም የተለያዩ አንድ መድኃኒት ሆነው ተገኙ።

«አባዬ፣ ምነው ሳትነግረኝ ሁለቱን?» ሲሏቸው፣

«ነጩን የሶዶው ልጅ ሰጠኝ፣ ሌላውን የአረካው ልጅ ሰጠኝ። የአንዱን ወስጄ የአንዱን ብጥል አይቀየሙኝም?» አሏቸው።

አባታችን ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረው በዕድሜ ጠግበው አርፈዋል። ለእኅታችን ግን ምስጋናው ሁሉ እንደ እሾኽ ነበር። ሕዝብ ሲያመሰግናቸው ፊታቸው ይጠቁር እንደ ነበር ያስተዋለ አለ፤ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም። እውነቱን ካወቁ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ይዘውት ተቀመጡ። የሙያ ፈቃዴን እነጠቃለሁ፣ ልጆቼ ያፍሩብኛል፣ የሞተ አይመለስም እያሉ ራሳቸውን ያባብሉ ነበር። ይህን የምንናገረው ከራሳቸው አፍ ሰምተን ነው።

በ2015 ዓ.ም. በመስከረም፣ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በዓል በኋላ፣ ብቻቸውን በሚኒባስ ወደ በዴሳ ሄዱ። ወ/ሮ ቦሼን በገበያው ውስጥ በበቆሎ ጆንያዎች መካከል አገኟቸውና የሆነውን ሁሉ፣ መድኃኒቱንም፣ የጨመሩትንም፣ ሲገንዙት ያዩትንም ነገሯቸው። ወ/ሮ ቦሼ መጀመሪያ፣ «እኔ አይደለሁም?» አሉ። አይደለሽም ተባሉ። «ክንዴ አልነበረም?» አሉ። አልነበረም ተባሉ። ሦስተኛም ጠየቁ። ከዚያም እንዲህ አሉ።

«ሲስተር፣ ተኝታበት ነው ተብሎ የተወራው በሹክሹክታ ነበር እንዴ? በገበያ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ ‹ያቺ ናት› ብለው ጠቁመውኛል። እርስዎ እውነቱን ይዘው መጥተው በጆሮዬ ይነግሩኛል? እኔ ሰማሁ። አሁን ይሂዱና ለሕዝቡ ይንገሩ።»

ሲስተር እታፈራሁ እሺ ብለው ተመለሱ። ግን አልተናገሩም። ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመት አለፈ።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። በአዋሳና በአዲስ አበባ ሕክምና ቢከታተሉም ሕመሙ ወደ አጥንታቸው ዘልቆ ስለ ነበር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሙ ለሥቃዩ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዙላቸው። አልጠጣም አሉ። ልጆቻቸው ለምነው፣ መምህር ወንደሰን አልቅሰው አልሆነም። እኅታችን ምክንያቱን ባይናገሩም፣ ያንን ሥቃይ እንደ ፍርድ ተቀብለው እንደ ያዙት ኋላ ነው የገባን። አንሶላውን በጥርሳቸው ነክሰው ያድሩ ነበር።

መታመማቸውን ሰምተው ወ/ሮ ቦሼ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከበዴሳ መጡ። ሰው ሁሉ ይውጣልኝ ብለው አላስወጡም፤ በሁላችን ፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ደግሞ በሕመም ልትከፍዪኝ ነው?» አሏቸው፤ ያን ቀን እርስዎ አላሏቸውም። «ሕመምሽን ምን ላድርገው? በዴሳ ወስጄ ልሸጠው? ጠጪ! እኔ የፈለግሁት አፍሽን ነው። እንዲህ እያቃሰትሽ በምን አፍሽ ትናገሪያለሽ?»

መድኃኒቱን ከልጃቸው ከቤቴል ተቀብለው በእጃቸው አጠጧቸው። ያን ቀን እኅታችን ከብዙ ሳምንት በኋላ እንቅልፍ ተኙ። ወ/ሮ ቦሼ ግን አልተኙም፤ ጠዋት እስኪነቁ ድረስ ትንፋሻቸውን እያዳመጡ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሲነቁ ሲስተር እታፈራሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን አስጠርተው፣ በሚመጣው እሑድ በወንበር ተሸክማችሁ ውሰዱኝ፣ በጉባኤ ፊት የምናገረው አለኝ አሉ። ሽማግሌዎቹም አዝነው፣ ይሻልሽና ትናገሪያለሽ አሏቸው። እሳቸው ግን እንደማይሻላቸው ያውቁ ነበርና ቃላቸውን በቤቴል እጅ አስጻፉ፤ በጣታቸውም ፈረሙበት። የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ቃሉ ይነበብ ወይስ ይቅር በሚለው ነገር ቤተ ሰቡ ትናንት ተመካክሯል። የሞተ ሰው ስም በሬሳው ፊት አይነሣም ያልን ነበርን። ልጃቸው ቤቴል፣ እሷም እንደ እናቷ ነርስ ናት፣ እንዲህ አለች። «የእናቴ ስም እንዳይጎድፍ ብላችሁ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ስም ሃያ ሦስት ዓመት ጎድፎ ተቀምጧል። እናንተ ካላነበባችሁት እኔ አነብበዋለሁ።» ስለዚህ ይኸው ይነበባል።

«እኔ እታፈራሁ ዳልጮ፣ ቦሼ ጩማ በልጇ ላይ እንዳልተኛች በእግዚአብሔርና በሰው ፊት እመሰክራለሁ። ልጁን በእጄ ገንዤዋለሁ፤ የመጫን ምልክት አልነበረበትም። በሐኪም ምርመራ የተረጋገጠ ነገር ባይኖርም፣ ያየሁት ምልክት ሁሉ መድኃኒቱን ነው የሚያመለክተው። ከታዘዘው በላይ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አልጠባልኝም ስትለኝ አትቀስቅሺው ያልኩት እኔ ነኝ። ተኝታበት ነው ሲባል አጠገቧ ቆሜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። መሳሳቴ አንድ ነገር ነው፤ ዝምታዬ ግን ስሕተት አልነበረም፣ በደል ነው። ነርሶች ልጆቼ ሆይ፣ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ ታጠቢያለሽ ወይ፣ አባባ ሌላ ምን ይውጣሉ ብላችሁ ጠይቁ። አራስ ልጅ እንቅልፍ አብዝቶ መጥባት ሲያቅተው ጨዋ ነው አትበሉ፤ ቀስቅሱት፣ ትንፋሹን እዩ፣ እናቱ የምትውጠውን ተመልከቱ፣ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እናት አንድ ነገር ልክ አይደለም ስትላችሁ እመኗት። ከተሳሳታችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ የቆየሁትን ያህል አትቆዩ።»

ቃላቸው ይህ ነው። ያኔ ያወራችሁ፣ የሰማችሁ፣ ልጅ ማሳቀፍ የከለከላችሁ ብትኖሩ፣ ወ/ሮ ቦሼ እዚህ አሉ፤ ከቀብር በኋላ ቀርባችሁ እጃቸውን ያዙ።

ሲስተር እታፈራሁ ባለቤታቸውን መምህር ወንደሰን በኃይሉን፣ ልጆቻቸውን ቤቴልን፣ እዮኤልንና ሳሚን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ በሕይወት ያሉ አራት ወንድሞችና ሁለት እኅቶች ትተው አልፈዋል። የሰውን ሥቃይ አይቶ ማለፍ ያልቻለውን ልባቸውን የፈጠረ አምላክ ያጎደሉትን በምሕረቱ ይሙላላቸው፤ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

እኅታችን ባዘዙት መሠረት፣ በዚህ ወረቀት ላይ የሚከተለው አብሮ ታትሟል፤ አብሮም ይነበባል። እባካችሁ ተነሥታችሁ ስሙልን።

ሕፃን ባሮክ ከእናቱ ከወ/ሮ ቦሼ ጩማ በሁምቦ ወረዳ ኅዳር 3 ቀን 1994 ዓ.ም. ተወለደ። የአባቱን ስም እናቱ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁ አልጻፍነውም። ሲወለድ ጮኾ አልቅሷል፤ ጸጉሩም ብዙ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በደንብ ጠብቷል፤ በግራ በኩል መጥባት ይወድ ነበር። የእናቱን ጣት አጥብቆ ይይዝ ነበር። ሰባት ቀን ኖሮ ኅዳር 10 ቀን 1994 ዓ.ም. ንጋት ላይ ዐረፈ። እናቱ በሕይወት አሉ። አልተኙበትም።